ቦቸር

መምህር ሀንካሞ ጡረታ የወጡ ሰሞን
ሱሪ አንጠልጥለው መጡ፣ አቶቴ፣ እኔ በረንዳ፤
ጉልበቱ ሳስቷል፣ ኪሱ በጠመኔ ነጥቷል፣
ጠርዙን ግልገል ፍየል ያኘከው ይመስላል።
"ይድን ይሆን?" አሉኝ እንደ አስታማሚ፣
"ይድናል" አልኳቸው እንደ አካሚ።
"መቼ ልምጣ ታዲያ?"
"ከነገ ወዲያ።"
ልብስ ሰፊ ነኝና ሌላ ምን ልናገር፣
የእኛ ከነገ ወዲያ መች ደርሶ ያውቅ ነበር!

ሳቁና ተቀመጡ። ከደረት ኪሳቸው
ደብተር አወጡ፣ በላስቲክ የታሰረች፤
"ይህቺ ያልካት ቃል" አሉ፣ "እንግሊዝ አገር ሞታለች።
ንጉሣቸው ሚስት እየሻረ ሚስት በሚያገባበት፣
አምስት መቶ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው፣ በዚያ ዘመን፣
ከነገ ማዶ ያለችውን ቀን
ኦቨርሞሮ ብለው በአንድ ትንፋሽ ይጠሯት ነበር።
ዛሬ 'ከነገ በኋላ የምትመጣው ቀን' ይላሉ፣
በር እንደ ጠፋው እንግዳ ዙሪያውን ይዞራሉ።"

እኔ ያሰብኩት ግን ስለ ሙያ ጓዴ ነው፤
ያ የለንደን ሰፊ፣ ደንበኛ ሲያፋጥጠው፣
በምን ቃል ዋሽቶ ነው ዘንድሮ የሚያመልጠው?

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ይመጣሉ።
አባ ኮዳዎቹ፣ ካፖርት እንደ ደረቡ ሽማግሎች፣
ከአሞራ ገደል የዓሣ አንጀት ለቅመው ጣሪያ ላይ ሲቆሙ፣
እሳቸውም አንድ ቃል እንደ ቁልፍ ጨብጠው ከች።

አንድ ቀን እጅጌ። "ያኔ እጅጌ ለብቻው ነበር፣
ትከሻ ላይ በማሰሪያ ይቋጠር፣ ይፈታ፣
ከአንዱ ቀሚስ ወደ ሌላው ይዛወር ነበር።"
አንድ ቀን ሐምራዊ ሐር። "ከንጉሥ ዘመድ በቀር
የለበሰ ይቀጣል።" ቀና ብዬ መንገዱን አየሁ፤
ያ አዋጅ እዚህ ቢነበብ፣ እሑድ ከሰዓት
ከሐይቅ ዳር የምትመለስ ልጃገረድ ሁሉ ወህኒ ባደረች።

አንድ ቀን ደግሞ አዘኑ።
"አንተን ቀበሩት" አሉ። "ዛው ይሉት ነበር፣
ለልጅ፣ ለወዳጅ፣ ለእግዜር።
አሁን ሁሉም አንቱ፣
ውሻቸውም አንቱ፣ ሌባቸውም አንቱ።"
ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ አንተ የሚላቸው የለም፤
ይህን አላሉኝም፤ ክሩን በጥርሴ ስበጥስ ነው የገባኝ።

ቦቸር ያሉኝ ማክሰኞ ነው።
"አሮጌ ልብስ የሚጠግን ሰው በዚያ ዘመን ስሙ ይህ ነበር፤
አንተ ቦቸር ነህ።"
ሃያ ሁለት ዓመት በመርፌ ስወጋ፣ መርፌ ሲወጋኝ
ማዕረግ የሰጠኝ የለም ነበር!
ብር ከፍዬ በቆርቆሮ አስጻፍኩት፣
ቦቸር ልብስ ስፌት፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም።
ባጃጆቹ "ቦቸር ጋ ወራጅ አለ?" ማለት ጀመሩ።

ከዚያ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ልጅ፣ ዚፕ ልታስቀይር መጥታ፣
ታፔላዬን አይታ
አፏን በመዳፏ ያዘች።
"ጋሼ፣ ይህ እኮ... አበላሺ ማለት ነው፤
የነካውን ሁሉ የሚያበላሽ።"
ዚፑን በነጻ ቀየርኩላት።
ሁለቴ ጠምሜ ሰፍቼ ሁለቴ ፈታሁት።

በማግስቱ መምህሩ ሲመጡ
ታፔላው መሬት ላይ ነው፣ ፊቱን ለግድግዳ ሰጥቶ።
አዩት። ባርኔጣቸውን አወለቁ።
"አውቅ ነበር" አሉ ቆይተው። "ቃሉም እንደ ሱሪዬ ነው፣
ስንቱ ተንበርክኮበት ጉልበቱ ላይ ሳሳ።
እኔንስ ቢሆን፣ ሠላሳ ዓመት የሰው ቋንቋ ሳስተምር፣
ልጆቹን አበላሸ ያለኝ ጠፍቶ ነው?"

መልሼ ሰቀልኩት። ምስማሩ ስለ ጠመመ
ቦቸር ወደ ግራ አዘነበለ፤
ተውኩት፤ ስሙ ነው፣ ምን ያድርግ።

ሱሪው? ካለቀ ሁለት ሳምንት አለፈው፤
ተተኩሶ፣ ታጥፎ፣ ማሽኑ ሥር በፌስታል ተቀምጧል።
ዛሬም ጠዋት መጡ፣ ደብተሯን በብብታቸው ይዘው።
"አንተ ቦቸር፣ አልደረሰም? መቼ ልምጣ ታዲያ?"
ፌስታሉን በእግሬ ገፋ አደረግሁና፣
"ከነገ ወዲያ።"